መፍለቅለቁን ያቆመው ውሃ

ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ ቀበሌ በሚሰጠው መሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት አብዛኛው የሱቅ ታፔላ ስለሆነ፣ ጽሑፌ ወዲያ ወዲህ ቢል የእግሬን ጠባይ ወርሶ ነው ብላችሁ እለፉኝ። ልጆቼ "እማዬ እግሯ ውስጥ ሞተር አለ" ይላሉ፤ አልዋሹም። አንዷ ልጄ ድሬዳዋ ናት፣ አንዱ ደብረ ማርቆስ፣ ታናሿ ሰናይት ደግሞ እዚሁ ኮልፌ፣ ዓለም ባንክ ሠፈር። አንዳቸው ዘንድ ትንሽ ከሰነበትኩ ግድግዳው ወደ እኔ የሚጠጋ ይመስለኛል። ነጠላዬን አንስቼ እወጣለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ደግሞ ባሰብኝ። ሐዘን ያለበት ቤት ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። የሚያለቅስ ሰው ሳይ "በቃ፣ በቃ፣ ይብቃሽ" ብዬ አባብዬ፣ እንባው ሳይደርቅ ጫማዬን ፍለጋ እነሳለሁ።

ያን ጊዜ ዓለም ባንክ የመጣሁት ሰናይት ወልዳ ላርሳት ነበር። ባሏ ታምራት ጎሚስታ ነው፤ ጦር ኃይሎች አካባቢ ጎማ ይጠግናል። ቁመቱ የመብራት እንጨት የሚያህል፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ልጅ ነው። በልጅነቱ ከክፍለ ሀገር መጥቶ የሱቁ ባለቤት ጋሽ ንጉሤ እጅ ላይ ነው ያደገው። እሳቸው ልጅ የላቸውም፤ ሙያውንም ምግቡንም አልጋውንም የሰጡት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌ ሆነው ሰናይትን ሊጠይቁኝ ሲመጡ እንኳ ጥፍራቸው ውስጥ የጎማ ጥቁረት ነበር።

ታምራት ቤት ውስጥ የተሰበረ ነገር አይጥልም። የባልዲውን እጀታ፣ የወንበሩን እግር፣ የበሩን መቀርቀሪያ፣ ሁሉንም ካረጀ ጎማ በተቆረጠ ጥቁር ላስቲክ ጠምጥሞ ያስረዋል። አይቋጥረውም። ጫፉን በመጨረሻው ዙር ሥር ይሸጉጠውና እዚያው ይጠብቃል። መፍታት የፈለገ ያቺን ጫፍ ሳብ ማድረግ ነው። "የጋሽ ንጉሤ አሠራር ነው እማዬ" ይለኛል።

ደግሞ ሌላ ነገር ልንገራችሁ፣ በኋላ ይጠቅመናል። ከዚያ በፊት ድሬዳዋ ስሄድ፣ የያዝኩትን ውሃ ገና ከከተማው ሳንወጣ ጠጥቼ ባዶውን የላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑን አጥብቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ድሬዳዋ ስደርስ ሰው በእጁ የጨመቀው ይመስል ተጨማዶ አገኘሁት። አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ፣ ቦርሳዬ ላይ ተቀምጣበት ነው ብዬ በሆዴ ስረግማት አደርኩ። ለታምራት ስነግረው ሳቀብኝ።

"ማንም አልተቀመጠበትም፤ የጨመቀው አየር ነው። እዚያ ታች አየሩ ከባድ ነው። እርስዎ ዘግተው የወሰዱት ደግሞ የእኛን ቀላሉን ነው።"

"አየር ክብደት አለው ብለህ አሁን ልታታልለኝ ነው?"

"ክብደት ባይኖረው ጎማ ይሄን ሁሉ መኪና ተሸክሞ ይቆም ነበር?"

እንዲህ እንጫወት ነበር። ሰናይት ከወለደች ብዙም ሳይቆይ ግን ታምራት አንድ ቀን በእኩለ ቀን ወደ ቤት መጣ። አራሷ ያለችበት ክፍል አልገባም፤ በረንዳው ላይ ደረቱን በእጁ ደግፎ ተቀመጠ። በቀኝ ጎኔ ድንገት እንደ ጩቤ ወጋኝ አለኝ። ጎማ ሲያነሳ እንኳ አልነበረም፣ ቆሞ ሲያወራ ነው። አንዱን ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አቅቶታል።

እኔ ውጋት ነው አልኩ። በእኛ አገር ውጋት ሲባል መድኃኒቱ ዋግምት ነው። ቀንድ ጀርባ ላይ ይደፋና አየሩ በአፍ ተመጥቶ ሲወጣ ሥጋው እብጥ ብሎ ቀንዱ ውስጥ ይገባል። እኔም በልጅነቴ ታግሜ ጠባሳው ዛሬም አለ። እዚያው ሠፈራችን የሚያግሙ ሰው ስለማውቅ፣ ጎረቤታችንን እትዬ ከድጃን አራሷ ጋ አስቀምጬ ይዤው ወጣሁ። ከቤት እስከ አስፋልቱ አጭር መንገድ ነው፤ እሱ ግን አጥር አጥሩን እየያዘ ነው የደረሰው። ላዳ ታክሲ ይዘን ስንገባ ፊቱን በብርሃን አየሁት። ከንፈሩ ቀለሙን ለውጧል። ሾፌሩ ወዴት እንደሆነ ሲጠይቀኝ ከአፌ የወጣው "ሆስፒታል" የሚል ነበር።

የሆስፒታሉን ስም ልተወው። ራጅ ሲያነሱት የቀኝ ሳንባው ተኮማትሮ ጥግ ይዞ ተገኘ። ቀጭንና ረጅም ወጣቶችን እንዲህ ያለ ነገር ያለ ምክንያት እንደሚያገኛቸው ሐኪሙ ነገረን። ጎኑን በትንሹ ቀደው በጎድን አጥንቱ መሃል ቱቦ አስገቡለት። የቱቦው ሌላኛው ጫፍ ወለሉ ላይ ወደተቀመጠ፣ ግማሹ ውሃ ወደሆነ ትልቅ ጠርሙስ ወረደና ውሃው ውስጥ ጠለቀ። ታምራት ሳል ሲል ውሃው ይፍለቀለቃል።

አስታማሚው እኔ ሆንኩ። ሰናይት አራስ ናት፤ ለአራስ ክፉ ወሬ አይነገርም። "ጉንፋን ይዞት ሕፃኑ ላይ እንዳያጋባ ሱቁ ውስጥ እያደረ ነው" አልናት፤ እኔም፣ ከድጃም፣ ጋሽ ንጉሤም። ስትደውል ስልኩን እኔ አነሳለሁ። ድምፁን አሰሙኝ ስትል፣ ተኝቷል እላለሁ። ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር እየተጠራቀመ ሄደ።

ነርሷ ሲስተር ማርታ ትባላለች፤ ረጋ ያለች፣ አነጋገሯ ቀስ ያለ ልጅ። ጠርሙሱን እያሳየች አስጠነቀቀችኝ። ከወለሉ እንዳይነሳ፤ ከደረቱ በላይ ከፍ ካለ ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል። እንዳይደፋ፤ ከተደፋ የውጭ አየር ይገባል። ቱቦው እንዳይታጠፍ፣ ታማሚው እንዳይተኛበት። ሌላ ነገር ደግሞ አሳየችኝ፦ አረፋው ባይኖር እንኳ፣ ቱቦው ውስጥ ያለችው የውሃ ዘንግ እሱ በተነፈሰ ቁጥር ከፍ ዝቅ ትላለች።

"እሷን ይዩልኝ እማማ። አረፋው ጠፍቶ እሷም ቀጥ ካለች፣ የትም ብሆን ይጥሩኝ።"

ለእኔ ዓይነቷ ሴት ጠርሙስ ሲጠብቁ መዋል ምን እንደሆነ አስቡት። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ መስኮቱ ጋ ሄጄ መንገዱን አያለሁ። የማልሳፈርበትን ሚኒባስ እንኳ በዓይኔ እሸኛለሁ። ተመልሼ ጎንበስ ብዬ ውሃውን አያለሁ። ከፍ፣ ዝቅ። እሺ፣ አለ። ደግሞ እነሳለሁ። ሲስተር ማርታ መቁነጥነጤን አይታ ነው መሰለኝ አንድ ቀን ከሰዓት አጠገቤ ቁጭ አለች። ይሄ ሁሉ ስለምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

ዋግምት አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጠባሳዬን ነገርኳት። ቀንዱ ሥጋውን ለምን እንደሚስብ ስትጠይቀኝ፣ አየሩ ስለተመጠጠ ነዋ አልኳት።

"ቀንዱ አይስብም" አለችኝ። "ውስጡ አየር ሲጎድል፣ ሥጋውን ወደ ጎደለበት የሚገፋው በዙሪያችን ያለው አየር ነው። አየር ሁላችንንም ሁልጊዜ እንደተጫነን ነው። ከውስጣችንም እኩል መልሶ የሚገፋ ስላለ ነው የማይታወቀን።"

ሳንባም እንዲሁ ነው አለችኝ። በሳንባና በደረት ግድግዳ መሃል አየር ስለሌለ፣ ከአፍ የገባው አየር ሳንባውን ወጥሮ ከግድግዳው ጋር አስጠግቶ ያኖረዋል። የታምራት ሳንባ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ስትከፈት አየር በእሷ ሾልኮ መሃላቸው ገባ። ሳንባው ከግድግዳው ተላቀቀና ተኮማተረ። ቱቦው ያንን ያለ ቦታው የገባ አየር ያስወጣል፤ ውሃው ደግሞ የወጣው እንዳይመለስ በር ሆኖ ይጠብቃል። ቀዳዳዋ እስክትደፈን አረፋ ይኖራል፤ አረፋው መልካም ነው አለችኝ። የድሬዳዋው ጠርሙሴ ትዝ አለኝ። እኔ ልጅቷን ስረግም፣ አየሩ አጠገባችን ሆኖ ሁላችንንም ሲጫነን ኖሯል።

በማግስቱ የጠያቂ ሰዓት ሊደርስ ሲል ታምራት ሕመሙ ጸናበትና የማስታገሻ መርፌ ተሰጠው። እንቅልፍ ወሰደው። ሲስተር ማርታ ለሚቀጥለው መርፌ የሚያስፈልገውን መድኃኒት ከግቢው ፋርማሲ እንዳመጣ ላከችኝ። እስክመለስ አይኗ ከእሱ እንደማይለይ አውቃለሁ፤ ግን ክፍሉ ብዙ አልጋ አለው፣ እሷም ሰው ናት። ጎንበስ ብዬ ውሃውን አየሁ፤ ከፍ፣ ዝቅ። ወረድኩ።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ከሰልፉ ይልቅ የውጩ አየር ደስ ብሎኝ፣ መድኃኒቱን ይዤም ግቢው ውስጥ ትንሽ ልዙር እያልኩ ሳስብ ጋሽ ንጉሤን ከሕንፃው በር ሲወጡ አየኋቸው። ከሥራ እንደመጡ ሰማያዊ ቱታቸውን ለብሰዋል። ፊታቸው በርቷል።

"እትዬ ብዙነሽ፣ ደስ ይበልዎት" አሉኝ። "አቆምኩት።"

"ምኑን?"

"ያንን ማፍሰሱን ነዋ። ልጁ እንዲህ አየሩ እየወጣ እንዴት ብሎ ይድናል? እኛ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክረን አረፋ ካየን፣ አለ ቀዳዳ ማለት ነው። ቱቦውን አጠፍ አድርጌ በላስቲክ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። አሁን አንዲት አረፋ የለችም።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። የሳቸው ፊት ደስ ያሰኛል። ሰላሳ ዓይነት ጎማ ሲጠግኑ የኖሩ እጆች፣ ይቺን አንዷን ቱቦ ያቅታቸዋል ብሎ ማን ያስባል? አመሰግናለሁ ልል አፌን ከፈትኩ። ያኔ ነው የሲስተር ማርታ ቃል የመጣልኝ፤ ያለ ቦታው የገባ አየር። በቀዳዳዋ መግባቱን ይቀጥላል። መውጫውን ግን አሰሩት።

ወደ ሕንፃው በር ሮጥኩ። በሩ ላይ ጥበቃው እጁን ዘርግቶ አገደኝ፤ የጠያቂ ሰዓት አብቅቷል። የአስታማሚ ካርዴ ላይ ፎቅ፣ ትራሱ ሥር ነው። አስታማሚ ነኝ አልኩት፤ ካርድ አለኝ። መድኃኒቱን አሳየሁት፤ ወደ ጎን ቆመው ሲስተሯ እስክትጠራ ይጠብቁ አለኝ። ከኋላዬ ሰው ይገፋል፣ ከፊቴ ሰው ይወጣል።

"ልጄ፣ ላይ ሰው እየሞተብኝ ነው" አልኩት።

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ እናቴ።"

ጋሽ ንጉሤ ከኋላዬ ሰምተዋል። ዞር ብዬ ሳያቸው ያ ሁሉ ብርሃን ከፊታቸው ጠፍቷል። ወደ ጥበቃው ተጠግተው ክንዱን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"እኔን ያዘኝ" አሉት። "እሳቸውን ልቀቃቸው።"

በክንዱ ሥር ሾልኬ ገባሁ። ደረጃው ላይ ነጠላዬ ወደቀ፤ አላነሳሁትም።

ክፍሉ ስገባ የጎረቤት አልጋ አስታማሚዋ ፈገግ ብላ፣ ያ ድምፅ ቆመ፣ ተሻለው መሰለኝ አለችኝ። ታምራት ነቅቶ ነበር። አልጋው ላይ ወደፊት ተደፍቶ ብረቱን በሁለት እጁ ጨምድዷል። ላብ አጥምቆታል። የአንገቱ ሥር እንደ ገመድ ተገትሯል። ሊናገር ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ድምፅ የለም። ዓይኑ ብቻ እኔን ያያል።

ወደ ጠርሙሱ አጎነበስኩ። ውሃው ቀጥ ብሏል። አረፋ የለም፣ ከፍ ዝቅ የለም።

"ሲስተር" ብዬ ጮህኩ። ድምፄ የሰው ሆነብኝ። የተንጠለጠለውን አንሶላ ገለጥኩት። ቱቦው እጥፍ ብሎ በጥቁር ላስቲክ ተጠምጥሟል፣ ዙር በዙር፣ ጥንቅቅ ብሎ። ጥፍሬን አስገብቼ ልፈልቅቀው ታገልኩ፤ እንቢ አለ። ባረጀ ዓይኔ መጀመሪያውን ከመጨረሻው መለየት አቃተኝ። ከዚያ ባልዲው ትዝ አለኝ፣ የቤታችን ባልዲ። ቋጠሮ የለውም። ጫፍ አለው፣ የተሸጎጠ። በጣቴ ዳሰስኩ፣ አገኘኋት፣ ሳብኳት። ላስቲኩ በአንዴ ተተረተረ።

ቱቦው ሲዘረጋ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ ጀበና እንደገነፈለ ሆነ። ተፍለቀለቀ፣ ተፍለቀለቀ፣ አላቆመም። ሲስተር ማርታ ሮጣ ስትደርስ እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ላስቲኩን በእጄ ይዤ ነበር። ሐኪም ተጠራ፤ ኦክስጅን ተሰካለት። ሰው መጥቶ ሰው ይሄዳል። እኔ የማየው ያችን የውሃ ዘንግ ነው። ቆይታ፣ ቆይታ፣ ከፍ አለች። ደግሞ ዝቅ። የታምራት እጅ ብረቱን ለቀቀ።

ሁሉም ሲረጋጋ ሲስተር ማርታ ማን እንዳሰረው ጠየቀች። የጎረቤት አስታማሚዋ ደነገጠች። ሰማያዊ ቱታ የለበሱ ሰውዬ ነበሩ፣ አሠራራቸው ሁሉ የባለሙያ ነው፣ የሆስፒታሉ ሠራተኛ መስለውኝ ነው አለች።

"እኔ ነኝ" የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ጋሽ ንጉሤ ቆመዋል፤ ጥበቃው አሁንም የቱታቸውን እጅጌ እንደያዘ ነው። ነጠላዬን ከደረጃው አንስተው ታቅፈውታል። "ያሰርኩት እኔ ነኝ።"

ሲስተር ማርታ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ፊታቸውን ስታይ ተወችው። ለእኔ ያስረዳችኝን ለእሳቸውም አስረዳች። የዚህ ልጅ ችግር አየር ማነሱ አይደለም፤ በሳንባውና በደረቱ መሃል አየር መብዛቱ ነው። ሲያስሩት እየተጠራቀመ ሄዶ ሳንባውን ጨፈለቀ፣ ከዚያም አልፎ ልቡን መጫን ጀመረ።

ጋሽ ንጉሤ ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ቁጭ አሉ። "በውጩ ጎማና በውስጡ ጎማ መሃል አየር እንደገባ" አሉ ለራሳቸው። "የውስጡ እየተጨመቀ ሲጣበብ አውቃለሁ። ስንት ጊዜ አስተንፍሻለሁ። አውቀው ነበር እኮ።"

ከአልጋው ላይ፣ በኦክስጅኑ መሸፈኛ ውስጥ፣ የታምራት ድምፅ መጣ፤ የሳር ኮሽታ ያህል።

"ጋሼ... ላስቲኩን ይመልሱልኝ። የሱቁ ነው።"

ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቁ ተቀይሮ ለቅሶ ሆነ። እንዲህ ያለ ለቅሶ ከወንድ ሰምቼ አላውቅም። "በቃ" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። እግሬ ደግሞ ወደ በሩ። የደብረ ማርቆስ አውቶቡስ ሁሉ ታየኝ፣ መስኮቱ ጋ ያለው ወንበር። ልሄድ ተነስቼም ነበር። ያኔ እጄን ሳይ ላስቲኩን እንደያዝኩት ነው። ቃሉን ዋጥኩት። እሳቸው እስኪበቃቸው አለቀሱ። ሲጨርሱ ነጠላዬን ሰጡኝና አፍንጫቸውን ተናፈጡ።

ያኔ ሰናይት ትዝ አለችኝ። እሷንም እኮ አስረናታል፤ ከድጃም፣ እሳቸውም፣ እኔም። ዛሬ እሱ ቢሞት ኖሮ፣ ከነውሸታችን ነበር የምናገኛት።

ወደ ቤት ልሂድ፣ ማን ይጠብቀው ስል፣ ጋሽ ንጉሤ ዓይናቸውን ሰበሩ። ሲስተር ማርታ አየችኝ። እኔ ታምራትን አየሁት። መሸፈኛውን ከፍ አድርጎ "ጋሼ ይቀመጡ" አለ። ስለዚህ ቱቦውን ያሰሩትን ሰው ጠርሙሱ ጋ አስቀምጬ፣ ከፍ ዝቅ የምትለውን ዘንግ አሳይቻቸው ወጣሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ ወያላው ዓለም ባንክ፣ ዓለም ባንክ ይላል። ሕይወቴን ሙሉ መንገድ ላይ ሳለሁ ነበር የሚቀለኝ። ያን ቀን ግን ፌርማታው ሁሉ ይረዝምብኝ ነበር። ስገባ ሰናይት ሕፃኑን ታቅፋ አልጋው ላይ ነበረች። ፊቴን አየችው።

"እማዬ፣ ጉንፋን አይደለም፣ አይደል?"

ከድጃ ከበሩ አጠገብ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ አራስ ናት፣ ተይ እንደማለት። አልተውኩም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ከበረንዳው ጀምሬ እስከ ላስቲኩ ነገርኳት። ጋሽ ንጉሤንም አልደበቅኩም። አሁን መተንፈሱን፣ መቀለዱንም ነገርኳት። ሰናይት ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ከዚያ አለቀሰች፤ ሕፃኑም ከእሷ ጋር። ዋሻችሁኝ አለች፣ አንቺም እናቴ ሆነሽ ዋሸሽኝ አለች። ልክ ናት። ግድግዳው ወደ እኔ ተጠጋ። ጫማዬ በሩ ጋ እንዳለ አውቃለሁ። ተቀመጥኩ። ከድጃ "በቃ የኔ ልጅ" ልትል ስትጀምር እጇን ያዝኳት።

ለቅሶው በራሱ ጊዜ ቀነሰ። ሰናይት ረጅም ትንፋሽ ወሰደች፤ ፊቷን ጠረገች።

"ምግብ ይበላል?" አለችኝ።

በማግስቱ ወደ ሆስፒታል ስመለስ ስልኬ ውስጥ የሕፃኑን ለቅሶ ቀድታ ሰጥታኛለች። ጋሽ ንጉሤ እንደተውኳቸው ጠርሙሱ ጋ ናቸው፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ስልኩን ታምራት ጆሮ ላይ አደረግኩት። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ከኋላ ሰናይት "አባትህን እንደዚህ ጩህበት፣ ዋሽቶናል" ትላለች። ታምራት ሳቀ። ሲስቅ ጎኑን ያዘ፤ ጠርሙሱ ተፍለቀለቀ። ጋሽ ንጉሤ አረፋውን ቆመው አዩት። እጃቸውን ከቱታቸው ኪስ አላወጡም።

አረፋው ከቀናት በኋላ ጠፋ። አላምንም ብዬ ቱቦውን ከጎኑ እስከ ጠርሙሱ በጣቴ እየዳሰስኩ ወረድኩ። ያሰረው ነገር የለም። ውሃዋ ቀስ ብላ ከፍ ዝቅ ትላለች። ራጁ ሲወጣ ሳንባው ግድግዳው ጋ ደርሷል። ቱቦው ተነቀለ። ዛሬ ታምራት ጦር ኃይሎች ሱቁ ውስጥ ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ፣ ሐኪም እስኪፈቅድልህ አውሮፕላን እንዳትሳፈር ሲሉት፣ ላዳ ካልሆነ አልሳፈርም ብሎ አሳቃቸው።

አንባቢዎቼ፣ ሳይንሱን ሲስተር ማርታ ታውቀው። እኔ የማውቀው፣ ጋሽ ንጉሤ የወደዱትን ልጅ ሊያድኑ ብለው በሚያውቁት ሁሉ ጥንቃቄ ሊገድሉት እንደነበር ነው። እኔም ስንቱን ለቀስተኛ "በቃ" ብዬ እንዳሰርኩ ሳስብ ይጨንቀኛል። ያን ሁሉ ጊዜ ያባበልኩት እነሱን ይመስለኝ ነበር፤ ለመሄድ እንዲቀለኝ ኖሯል። አሁንም እዞራለሁ፤ ሞተሩ አልጠፋም። ለቅሶ ቤት ስገባ ግን ጫማዬን ራቅ አድርጌ አወልቃለሁ፤ ቶሎ እንዳላገኘው። አጠገባችሁ የሚያለቅስ ሰው ሲኖር እናንተም ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ሲጨርስ ምግብ ይጠይቃል።

ባለፈው ድሬዳዋ ወረድኩ። እንደ ልማዴ ውሃዬን ጠጥቼ ባዶውን ጠርሙስ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ክዳኑን ግን ላላ አደረግኩት። እታች ደርሼ ሳወጣው፣ ከቤት እንደያዝኩት ነበር።